ከውሃ የሚቀድመው አያ ደበሌ

አያ ደበሌ መሞቱን የሰማሁት ከእንጨት ሻጭ ነው። ሰውዬው አህዮቹን ከየካ ተራራ ነድቶ ደጄ ሲደርስ፣ እንደ ልማዴ እንጨቱ እርጥብ ነው ብዬ እጨቃጨቀው ጀመር። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፍ ለአፍ ይገጥመኝ ነበር። ያን ቀን ግን ጭነቱን እየፈታ፣ «አለቃ፣ ዛሬስ ይተዉኝ። ቶሎ ተመልሼ ለቅሶ ቤት እቀመጣለሁ» አለኝ።

«የማን ለቅሶ?»

«የአያ ደበሌ። ትናንት ቀበርናቸው።»

እኔ ክርክር ከጀመርኩ ቶሎ የማቆም ሰው አይደለሁም፤ ሚስቴ ትመስክር። ያን ጊዜ ግን እንጨቱን እንዳለ ተቀብዬ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሚስቴ ወጥታ «ምን ሆንክ?» ስትለኝ «ደበሌ ሞተ» አልኳት። «የቱ ደበሌ?» አለች። እሷን ያገባኋት ከተማ ከገባሁ በኋላ ስለሆነ አታውቀውም። «ያ የሚሮጠው» ብዬ ጀመርኩና፣ ሽማግሌ ሰው ምን ያሮጠዋል በሚል ዓይን ስታየኝ ተውኩት። በቅሎዬን አስጭኜ ወደ የካ ሄድኩ። በመንገድ ሳስበው የዋልኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

በወጣትነቴ፣ ንጉሡ ገና ከእንጦጦ ሳይወርዱ፣ እኔ በየካ ተራራ ሥር የቤተ ክርስቲያን መሬት እያረስኩ የምኖር ደብተራ ነበርኩ። ደብተራ ሲባል ቀኑን ሙሉ ቅኔ ሲዘርፍ የሚውል የሚመስለው አለ። እኔ ጎመን ስኮተኩት ነበር የምውለው። አገሩም ዛሬ የምታዩት አልነበረም። ይህ ሁሉ ባሕር ዛፍ የለም፤ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ነበር። ታች ሜዳው ሣር ብቻ ነው። ላይ እንጦጦ የንጉሡ ሰፈር ጭስ ይታያል እንጂ ጫጫታው እኛ ዘንድ አይደርስም። ጠዋት የሚሰማው ነገር ጥቂት ነው፤ ቆቅ፣ ደወልና ውሃ። ያን ዝምታ ዛሬ በብር የሚሸጥልኝ ባገኝ በቅሎዬን ሸጬ እገዛው ነበር።

መንደራችንን ያኖረው አንድ ቦይ ነው። ከተራራው ወገብ ምንጭ ይፈልቃል። አባቶች ምንጩን በድንጋይና በሣር ጓል ገድበው፣ ውሃውን በጥዱ ውስጥ አሳልፈው፣ በገደሉ ጠርዝ አስኪደው ወደ ማሳዎቹ አውርደውታል። በቀኝም በግራም ማሳ አለ፤ ገብስ፣ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ምስር። እያንዳንዱ ማሳ ከቦዩ የሚጠጣበት አፍ አለው፤ አፉን በጓል ትዘጋዋለህ፣ በዶማ ትከፍተዋለህ። በቦዩ ዳር ደግሞ አንድ ሰው ብቻ የሚያስኬድ ቀጭን መንገድ ነበር። የአያ ደበሌ መንገድ ያ ነው።

በጋ ላይ ውሃው ለሁሉም ስለማይበቃ በተራ ነው። ተራ ባለበት ደግሞ ጠብ አይጠፋም። አባቶቻችን ለጠቡ ያገኙት መድኃኒት ሯጭ ነው። እግሩ ፈጣን፣ እጁ ንጹሕ የሆነ አንድ ሰው ይመርጣሉ። ያ ሰው ከግድቡ ተነስቶ ከውሃው ቀድሞ በቦዩ ዳር ቁልቁል ይሮጣል። ሮጦ ያለፈው ማሳ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ሮጦ የቆመበት ማሳ አፉን ይከፍታል፤ የዚያን ቀን ውሃ የሱ ነው። ከዚያ ሯጩ ሽቅብ ተመልሶ ውሃውን ከመንገድ ይቀበልና፣ ማንም እንዳይነካው አብሮት እየሮጠ ይወርዳል። እንደገና ሮጦ ሌላ ትእዛዝ እስኪያመጣ ድረስ ማንም የተዘጋ አፍ አይከፍትም፣ የተከፈተም አይዘጋም።

ሯጩ ሲሮጥ አይናገርም፤ እሱንም የሚያናግር የለም። ቃል ከተለዋወጡ ልመና ይመጣል፣ ከልመና በኋላ ጉቦ ይከተላል ብለው ነው አባቶች አፍ የዘጉት። እያወቀ በሩጫው ውሃ ያሳተ ሯጭ ደግሞ ከዚያን ቀን ወዲያ አይሮጥም፤ ዕድሜ ልኩን። ይህን ሕግ ልጅ ሳለን እንደ አቡነ ዘበሰማያት ነው የተማርነው።

አያ ደበሌ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ያለ ሰው ነበር። ቆሞ ላየው ሰው የታመመ ይመስላል። ገበያ መሐል ሲቆም እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም። ሲደሰት ኦሮምኛው ይቀድመዋል፣ ሲቆጣ አማርኛው። ኩታውን በወገቡ ጠምጥሞ ሱሪውን ከጉልበቱ በላይ ሰብስቦ መሮጥ ሲጀምር ግን ያ ዘንበል ያለው አንገት ቀጥ ይላል፣ ያ ግራ የሚገባው እጅ ቦታውን ያገኛል። እግሩ መሬት ሲነካ ድምፅ የለውም። ጎመኔ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ ነፋስ ያለፈ መስሎኝ ቀና ስል፣ እሱ ወዲያ ማዶ ደርሷል።

ሩጫውን ይወደው ነበር። ይህን ሳልል ብቀር ስለሱ ምንም አልነገርኳችሁም። ሚስቱ ወርቄ ቀልደኛ ናትና «እኔን ያገባኝ የአባቴ ቤት ለግድቡ ስለሚቀርብ ነው» ትል ነበር። ወደ ማታ ጠላ ስንጠጣ ሌላው ስለ በሬውና ስለ ግብሩ ያወራል፤ እሱ ስለ መንገዱ ነው የሚያወራው። «ጥዱ ውስጥ እግርህን ይበርደዋል። ከጥዱ ስትወጣ ደግሞ ያ ሰፊ ድንጋይ ፀሐይ ጠጥቶ ይጠብቅሃል። እዚያ ላይ ስትረግጥ እናትህ እጇን እግርህ ሥር ያደረገች ይመስልሃል» ይላል። «ታዲያ ለምን አትቆምበትም?» ስለው «ከቆምኩ ድንጋይ ነው» አለኝ።

አንድ ቀን እኔም እስቲ ልቅመሰው ብዬ ተነሳሁ። ሯጩን መከተል አልተከለከለም። ሲነሳ ከኋላው ተነሳሁ። ጥዱ ውስጥ እግሬን በእርግጥ በረደው። ሰፊው ድንጋይ ግን አልደረስኩም፤ ነጠላዬ እሾህ ይዞት ቦዩ ውስጥ በደረቴ ተዘረርኩ። እሱ ታች ደርሶ ሲመለስ እኔ ገና ጭቃዬን እየጠረግሁ ነበር። አየኝ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ሕጉ ሕግ ነውና አንድ ቃል ሳይተነፍስ በላዬ ዘሎ አለፈ። ማታ ቤቴ ድረስ መጣና በሩ ላይ ቆሞ «ደብተራ፣ ያን ሁሉ ውሃ የጠጣኸው በተራህ ነው?» ብሎ እስኪያለቅስ ሳቀ። ሳቁን ቀኑን ሙሉ አምቆ ነው የዋለው።

ለማንም አያዳላም። አንድ በጋ የወርቄ አባት ገብሱ ቢጫ ሆኖበት፣ መንገዱ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ደበሌ ቦዩን ዘሎ በማዶው አለፈው። አማትየው ለጠብ ሲመጣ «አባቴ፣ ውሃ ዘመድ የለውም» ብሎ እግሩን ሳመው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ትልቅ መኮንን ከእንጦጦ ወርዶ፣ አጃቢዎቹን አስከትሎ በቦዩ መንገድ ሲመጣ ደበሌ ከፊት ለፊት እየሮጠ ደረሰ። ሰው ሁሉ ከመንገዱ ወርዶ እጅ ይነሳል። እሱ ቦዩ ውስጥ ገብቶ በጎን ሊያልፍ ሲል አጃቢዎቹ ያዙት። «ማን ነህ? ለማን ነው የምትሮጠው?» ይሉታል፤ ዝም። በአለንጋ ሾጥ ያደርጉታል፤ ዝም። ዓይኑ ከኋላው የሚመጣው ውሃ ላይ ነው። እኔ ደርሼ «ጌታዬ፣ ይህ የቦያችን ሯጭ ነው፣ ሲሮጥ አይናገርም» ብዬ ነገሩን ሳስረዳ መኮንኑ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ «ልቀቁት። እኔ ቤት ምላሱን እንዲህ የሚገዛ አንድ ሰው የለኝም» አለ። ደበሌ ከተለቀቀበት ቦታ ሮጠ እንጂ እጅ እንኳ አልነሳም። በመኮንኑ ፊት ላብ ያጠመቀው እኔን ነው።

እንግዲህ ያ ቀን። የካቲት ነበር፤ ምንጩ የቀጠነበት ጊዜ። ተራው የባሻ ወንድይራድ ነበር። ባሻ ከንጉሡ ሰፈር መጥቶ በቦዩ መሐል መሬት የተሰጠው ወታደር ነው። መጀመሪያ በሕጋችን ይስቅ ነበር። በኋላ ግን ከኛ በላይ ሕገኛ ሆነ፤ ለእንግዳ ሁሉ «እኛ ቦይ ላይ እኮ» እያለ ይኩራራ ነበር። ያን ጊዜ ለሰፈሩ ወጥ ቤት የሚቀርብ ሽንኩርት ችግኙን አፍልቶ ገና መትከሉ ነው። ችግኝ ያን ቀን ካልጠጣ ያልቅለታል።

ደበሌ ማለዳ ሮጦ ባሻ ማሳ ላይ ቆመ፤ አፉ ተከፈተ፤ ውሃው ገባ። ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ። ፀሐይ ከፍ ስትል እኔ እየኮተኮትኩ ሳለሁ ያ ነፋስ አለፈ። ቀና ስል ደበሌ ነው። እንደገና እየሮጠ ነው። አንገቱ ቀጥ አላለም። ኩታውን በወገቡ አልጠመጠመም፤ ከኋላው ይጎተታል። ፊቱ አመድ መስሏል። ምን ሆነ ብዬ መጥራት አማረኝ፤ ግን ሯጭ አይጠራም። የኔ ማሳ አፍ እንደሆነ ተዘግቷል። ወደ ባሻ ማሳ አየሁ።

የባሻ ሠራተኞች ዶማቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ደበሌ በነሱም በኩል ሳይቆም አለፈ። እርስ በርስ ተያዩ። ሯጩ ያለፈው ማሳ አፉን ይዘጋል፤ ሌላ ነገር የሚያውቅ የለም። ጓል አንስተው ዘጉት። የባሻ ውሃ ከሽንኩርቱ ተመልሶ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። ደበሌም እየሮጠ እየሮጠ በቦዩ መጨረሻ፣ በእመት ዲንቄ ምስር ማሳ ላይ ቆመ።

እመት ዲንቄ አዋላጅ ናቸው። በየካ አካባቢ የተወለደ ሕፃን ሁሉ መጀመሪያ ያየው የሳቸውን ፊት ነው። ሆኖም ሯጩ ማሳቸው ላይ ሲቆም እሳቸውም እንደ ሁላችን ሆኑ። «ዛሬ ተራዬ ነው እንዴ? ረስቼ ነው!» ብለው ዶማቸውን አንስተው የቦያቸውን አፍ ከፈቱ። ደበሌ ክንዳቸውን ያዘ። አፉ አልታዘዝ ብሎት ቆይቶ ነው የተናገረው።

«እመቴ፣ ወርቄ ልትሞትብኝ ነው።»

ወርቄ ከዋዜማው ጀምሮ ምጥ ላይ ነበረች። ጎረቤቶቿ «ይወጣላታል» እያሉ ቆይተው፣ ጠዋት ደም ሲያዩ ነው «ዲንቄን አምጣ» ያሉት። ዲንቄ ያሉት በቦዩ መጨረሻ ነው፤ እሱ ደግሞ በቦዩ ራስ። ተነስቶ ሮጠ፤ የሮጠውም እግሩ በሚያውቀው መንገድ ነው። አሮጊቷን አዝሎ ያንኑ መንገድ ሽቅብ ሲመለስ ስናይ ነው ሁላችንም የገባን። ሴቶቹ «እመቤቴ ድረሽላት!» እያሉ ተከተሉት።

እዚህ ላይ የምነግራችሁን የሌላ አገር ሰው አያምነኝም። ውሃው በስሕተት እየወረደ መሆኑን ሁላችንም አወቅን። የባሻ ሽንኩርት ዓይናችን እያየ ይጠወልጋል፤ የዲንቄ ምስር በውሃ ይዋጣል። ግን ሯጩ ሳይሮጥ አፍ የሚነካ የለም። ባሻ ራሱ መጣና ማሳው ዳር ቆሞ «ሕግ ሕግ ነው» አለ። ዶማ የያዘ ሰው ሁሉ ቆሞ ውሃውን ተመለከተ። እስከ ምሳ ሰዓት እንዲያ ዋልን። ከወርቄ ቤት እልልታ ተሰማ፤ ሴት ልጅ ናት። ወርቄም ተረፈች። ደበሌን ውሃው ያን ጊዜ ትዝ ያለው መሰለን፤ ሮጦ ወደ ባሻ ማሳ ሲመልሰው ሽንኩርቱ ጠውልጎ አልቆ ነበር።

በቀጣዩ እሑድ የቦዩ ሰዎች ትልቁ ወይራ ሥር ተቀመጡ። ዳኛው ኦቦ ጅማ ናቸው፤ ጥርስ የሌላቸው፣ ግን ቃላቸው የሚነክስ ሽማግሌ። ነገሩ ከባድ ነበር። ወሬኞች በሳምንቱ ውስጥ «ደበሌ የአዋላጇን ዋጋ በባሻ ውሃ ከፈለ» ብለው አውርተዋል። ደበሌ መሬት መሬቱን እያየ ተቀምጧል። ሩጫው ሊቀር ነው ወይስ አይቀርም፣ የሁላችንም ሐሳብ እሱ ነበር።

ወሬው ሲነገር እመት ዲንቄ ብድግ አሉ። «ማነው ተከፈላት ያለው? ይውጣና ምስሬን ይይልኝ! ዘሬን እንዳለ አጥቦ ገደል ከተተው። እንዲህ የሚከፍለኝ ከሆነ ሁለተኛ አላዋልድም!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ባሻም ሳቀ። ኦቦ ጅማ ሳቁ ጋብ ሲል «ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ። «ሰው በድንጋጤ ሮጠ፣ ሰው በልማድ ዘጋ። ማንም እያወቀ አላጠፋም። ደበሌ፣ ሠራተኞቹ ሲዘጉ አላየሁም ብለህ ማልና ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ።»

አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው። እኔ ልቤ ደስ ብሎት «በል ማል» ብዬ በክንዴ ጎሸም አደረግሁት። ደበሌ ተነሳ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«አልምልም» አለ። «አይቻለሁ።»

«ምኑን ነው ያየኸው?»

«ሲዘጉ። ዞር ብዬ አይቻለሁ። ብመለስና ‹ክፈቱ› ብላቸው ይከፍቱ ነበር። ወርቄ ትሞትብኛለች ብዬ አልተመለስኩም። አውቄ ነው የሄድኩት።»

ባሻ ወንድይራድ ጎራዴውን ይዞ ተነሳ፤ ደግ ሰው ነው፣ ሲያዝን የተቆጣ ይመስላል። «እኔ ትቻለሁ!» አለ። «ባለ ሽንኩርቱ እኔ ነኝ። ሽንኩርት ይበቅላል። ሚስት ትበቅላለች? እኔም ብሆን አልመለስም ነበር!»

«እርስዎ ሽንኩርትዎን ተዉልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ ደበሌ። «ቦዩ ግን የእርስዎ አይደለም፣ የኔም አይደለም። ዛሬ ለኔ ሚስት ከላላ፣ ነገ ሌላው ሯጭ ‹ልጄ ታማ ነው› ብሎ ሲያልፍ እውነቱን ነው ሐሰቱን ማን ያውቃል? አማቴን ያለፍኩት በምን ሕግ ነበር? ፍረዱ።»

ኦቦ ጅማ ሲፈርዱ ደበሌን አላዩትም፤ ወደ ተራራው እያዩ ነው የተናገሩት። «ከዛሬ ጀምሮ አትሮጥም» አሉ። ያን ጊዜ ደበሌ ጉልበቱን ይዞ ቁጢጥ አለ። አላለቀሰም። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ምን ብመስል ምን ቸገረኝ።

ሰው ሊበተን ሲል ደበሌ እንደገና ተነሳ። «አንድ ነገር እለምናለሁ» አለ። «ልጄ ገና ክርስትና አልተነሳችም። ይህን ነገር ማንም እንዳይነግራት። ‹ገፊ› እንዳትሏት።»

ገፊ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሲወለድ የወላጁን ዕድል የገፋ ልጅ ነው። ይህች ቃል አንድ ጊዜ ከተለጠፈች አትለቅም፤ ገፊ የተባለችን ልጅ እንኳን ባል ጎረቤትም በደስታ አያያትም። ሩጫውን ሲነጠቅ ያላለቀሰው ደበሌ፣ «ገፊ» የምትለውን ቃል ሲጠራ ድምፁ ተሰበረ። የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ተነስተው በግዝት አሰሩን፤ በወይራው ሥር የነበረ ሁሉ ለልጅቷ እንዳይነግር፣ ደበሌ ሯጭ እንደነበረ እሷ ባለችበት እንዳያነሳ። ሁላችንም ማልን። ሰው ምስጢር አይጠብቅም ይባላል፤ ስለ ሌላው አላውቅም፣ ይህን ግን ጠበቅን። ስለ ግዝቱ ብቻ አይደለም፤ እንወደው ነበር።

ከዚያ በኋላ የኦቦ ጅማ የወንድም ልጅ ሯጭ ሆነ። ደህና ልጅ ነው፣ ግን ሲሮጥ ከሩቅ ይሰማል። ደበሌ እንደ ማንኛችንም ገበሬ ማሳው ዳር ዶማ ይዞ ይቆማል፤ ሯጩ ሲያልፍ አፉን ይዘጋል፣ ሲቆምለት ይከፍታል። የማይሮጠው በቦዩ ዳር ብቻ መስሎን ነበር፤ እሱ ግን የትም ቦታ መሮጥ ተወ። ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ኩታውን ተከናንቦ ይሮጣል፤ ደበሌ እየረጠበ ይራመዳል። ጥጃው ገደል ሊገባ ሲል እንኳ «ሂድ ሂድ!» እያለ በርምጃ ነው የደረሰበት። «ፍርዱ እኮ የቦዩን ሩጫ ነው» ብዬ ብከራከረው፣ «እኔ ሌላ ሩጫ ኖሮኝ አያውቅም» አለኝ።

ያን ጊዜ ከሱ ጋር ብዙ እንሄድ ነበር። ቀድሞ እንደ ነፋስ ያለፈበትን መንገድ አሁን ከኔ ጋር ቀስ እያለ ይሄደዋል። ሰፊው ድንጋይ ላይ ቁጭ እንላለን። አንድ ጠዋት እዚያው ተቀምጠን «አይናፍቅህም?» ብዬ ጠየቅሁት። ከታች ጉም አለ፣ ጥዱ ይሸታል፣ ከኛ በቀር ሰው የለም። «ጠዋት ጠዋት እግሬ ከኔ ቀድሞ ይነቃል» አለ። «ከዚያ ልጅቷ ስታለቅስ እሰማለሁ። እሷን አቅፌ እቀመጣለሁ፤ እግሬም መልሶ ይተኛል።»

በኋላ አገሩ ተለወጠ። ጥዱ ለሰፈሩ ቤትና ማገዶ ተቆረጠ፣ ምንጩ እየሳሳ ሄደ፣ ሰው ወደ ታች ወደ አዲሱ ከተማ ወረደ። እኔም ከወረዱት ጋር ወረድኩ። ቦዩ ደርቆ የከብት መንገድ ሆነ። ስለ ሯጭና ስለ ተራ የሚያነሳ ሰው ቀረ። ልጅቷ ብልሌ ደግሞ አደገች፣ አገባች፣ ወለደች። አባቷ እዚያው ተራራው ሥር ቀረ።

ለቅሶ ቤት ስደርስ ዳሱ ሞልቶ ነበር። የቦዩ ሰዎች የቀረነው ጥቂት ነን፤ አንድ ጥግ ላይ ተሰባስበው አገኘኋቸው። አልቃሿ ወደኛ መጥታ «የሟችን ነገር ንገሩኝ፣ ምን ብዬ ላልቅስለት?» አለች። ተያየን። ብልሌ እዚያው ፊት ለፊታችን ነበረች። «ታማኝ ነበር በይ» አላት አንዱ። «ጥሩ ገበሬ ነበር» አለ ሌላው። እኔ፣ ስንት ቅኔ የተማርኩት ሰው፣ «ዝምተኛ ነበር» ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ። አልቃሿ በዚያችው አለቀሰች፤ ሰውም ለወጉ ያህል አለቀሰ። የሩጫን ስም ሳያነሱ ለደበሌ ማልቀስ ምን ዓይነት ለቅሶ ነው?

ብልሌ እያለቀሰች ለእንግዶቹ ታወራ ነበር። «አባቴ እርጋታው ለብቻው ነው» ትላለች። «ዝናብ እንኳ ሲመታው አይቸኩልም። ሰው ሁሉ ሲሮጥ እሱ ይራመዳል። እኔ እድሜዬን ሙሉ አባቴ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።»

ባሻ ወንድይራድ ዓይኑ ጠፍቶ ልጁ እየመራ ነው ያመጣው፤ በትሩን ጨብጦ ከንፈሩን ነከሰ። ወርቄ ከተቀመጠችበት መደብ ላይ ቀስ ብላ ተነሳች። ያኔ እኛ ወይራው ሥር ስንምል እሷ አራስ ቤት ነበረች። እሷን ያስማላት የለም። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋችና፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ የአሮጊት ድምፅ ሙሾውን አወረደችው፦

«ከውሃ ቀድሞ ደራሽ ያ እግረ ፈጣን ሰው፣
ስለ እኔ ሮጠና ሩጫውን ጨረሰው።»

ብልሌ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እንደያዘች እናቷን አየች፣ ከዚያ እኛን አየች፤ አንድ በአንድ።

«እማዬ» አለች። «አባቴ ይሮጥ ነበር እንዴ?»

«ይሮጥ ነበር ልጄ» አለቻት ወርቄ። «ይሮጥ ነበር እንጂ!»

ያን ጊዜ ባሻ በትሩን ጥሎ «ወንድሜን!» ብሎ ጮኸ። የቦዩ ሰዎች ሁላችን ተነሳን፤ ለዓመታት ያፈንነው ሁሉ ባንድ ላይ ወጣ። የደበሌ ለቅሶ የተጀመረው ገና ያን ጊዜ ነው።